መወርወሪያ

ሻርጃ፣ ኢንዱስትሪ ሰፈር፣ ከጧቱ አንድ ሰዓት፤
ከመስታወቱ ወዲያ አሸዋ፣ ከመስታወቱ ወዲህ ጽዳት።
ጨርቅ ይዤ እዞራለሁ፣ አሻለሁ አንድ በአንድ፣
ጎማቸው አፈር ያልረገጠ፣ ፋናቸው ያላየ መንገድ፣
ዋጋቸው ባንገታቸው፣ እንደ ገበያ ሰንጋ፣
ተደርድረው ይቆማሉ፣ እስኪመጣ ባለዋጋ።

ከጥግ ግን አንድ አለ፣ ዋጋ ያልተጻፈለት፤
ብስክሌት ነው እንዳልል፣ ብረት ሆድ አብቅሎበት፣
ሞተር ነው እንዳልል፣ ፔዳል አለው ሁለት።
ዝገቱን በዘይት አባብለው፣ ቀለም ሳይቀቡት ትተውታል፤
እንደ ሽማግሌ ነው የምጠርገው፣ ቀስ ብዬ፤ ያስፈራል።

ከበላዩ ፎቶ አለ፣ ጥቁርና ነጭ ምስል፤
ሦስት ወር ሙሉ ጠረግሁት፣ መስታወቱን እንጂ ሳላስተውል።
አንድ ቀን ቀና ብል፣ ጨርቁ ከእጄ ወደቀ፤
የጨንቻው ያባቴ ዕቃ፣ እዚህ ድረስ እንዴት ዘለቀ?
ድሩ ተወጥሮ፣ መርገጫው ወርዶ፣ መወርወሪያው በመሀል፤
እንጨቱ ሌላ፣ ሴትዮዋም ሌላ፤ ሥራው ግን ያስታውቃል።

ሻጂን ጠየቅሁት፣ ሻጩን፣ የኬረላ ሰው ነው፤
ዐረብኛችን ስብርባሪ፣ ተጋግዘን የምንጠግነው።

«ሱዙኪ» አለኝ፣ «ሲነሣ፣ ሞተር የሚሉት አያውቅም፤
ባለቤቱ አናጢ ነው፣ ከእንጨት ሌላ አይጠርብም።
ከተማው ሐማማትሱ። እናቱ ስትሸምን አየና ድካሟ ከበደው፤
ለሷ ብሎ የሚቀል ሽመና፣ ጠርቦ ገጥሞ ሠራው።
ጎረቤት አየ፤ ‹ለኔም› አለ፤ የጎረቤትም ጎረቤት፤
መንደሩ አልበቃ ብሎት፣ ባሕር ተሻገረ በመርከብ ጭነት።
ከዚያ ጦርነት መጣ። ሄደ። የጥጥ ገበያው ወደቀ፤
ከድሩ ጋራ የፋብሪካው እስትንፋስ አብሮ ተጨነቀ።
አንዱ የቤቱ ሰው ታዲያ፣ ዓሣ ሊያጠምድ በብስክሌት
ሄዶ ሲመለስ፣ ነፋስ ከፊቱ፣ ደረቱን እየገፋበት፣
‹ምነው አንዲት ትንሽ ሞተር ብታግዘኝ!› አለ ይላሉ፤
በፈረንጅ ሃምሳ ሁለት፣ ይኸን ሽማግሌ ወለዱ አሉ።
ታናሹ በዓመቱ ሄዶ፣ የፉጂን ዐቀበት ወጣ፤
ስንቱን ጎረምሳ ሞተር አስከትሎ፣ አንደኛ መጣ።»

ስልኩ ጮኸ። «መርሐባ» አለ። ትቶኝ ሄደ ወደ ደንበኛ።

እኔ ቆሜ ቀረሁ።
አባቴ ጫልባ፣ እግሩ ከጉድጓድ፣ ዓይኑ ከክሩ፣
«ቁጢት በጣሽ» እያሉ በደጁ ሲያልፉ ያገሩ፣
ሰምቶ እንዳልሰማ፣
ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ፣ ይወረውራል፣ ይቀበላል፤
ሞተርስ ሆዱ ሲከፈት፣ ከዚህ ሌላ ምን ይሠራል?
ብረት ይሄዳል፣ ብረት ይመለሳል።
ለእናቴ ማን ጠረበላት? እኔስ ለእናቴ ምን ሠራሁ?
የፈተለችውን ሸጣ አይደል፣ ፓስፖርት ያወጣሁ።

ዓርብ ማታ ደወልኩ። ጆሮው ደክሟል፤ ድምፄን ከፍ አድርጌ።
«እዚያ አገር ሽመና አለ?» አለኝ።
«አለ አባ፤ ሁለት ጎማ አውጥቷል።»
ዝም አለ። የሳቀ መሰለኝ።
«ታዲያስ፣ ጥለቱ ምን ይመስላል?»

ምን ልበለው?

ዛሬ ነፋሱ ተነሥቷል። ሸማል ይሉታል እዚህ፤
ሸማ ሊል ጀምሮ፣ አፉ ላይ አሸዋ የገባበት ይመስላል።
ከመስታወቱ ወዲያ፣ መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን፣
ምግብ አድራሾቹ፣ ሣጥን በጀርባቸው አዝለው፣
ፔሻዋሩም፣ ካትማንዱውም፣ አንዱም የወላይታ ልጅ፣
ደረታቸውን ለነፋስ ሰጥተው፣
ከዳር እስከ ዳር ይወረወራሉ፣
ግራ ቀኝ፣
ግራ ቀኝ፣
እያንዳንዱ የሰው እራት ይዞ።

ሙሉ ቀን ሲሸምኑ አያለሁ።
የሚለብሰውን ግን፣ አባ፣
እስካሁን አላየሁትም።